መቃብር ያልታየለት ሙሾ

ከኮሶዬ በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠው የሚካኤል ደብር፣ ትርንጎ ሳትደርስ ሬሳ አይነሣም ነበር። ሟቹ ተገንዞ፣ ቃሬዛው ተጠፍሮ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጀምረው እንኳ ሰው አንገቱን ወደ መንገዱ እያሰገገ «ትርንጎስ?» ይላል። እሷ ነጠላዋን አገልድማ ብቅ ስትል ነው ለቅሶው ለቅሶ የሚሆነው። ድምፅዋ እንደ ሌሎቹ ሙሾ አውራጆች የሚጮኽ አልነበረም። ዝቅ ብላ ትጀምራለች፤ ሰው ለመስማት ሲል ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ታገኘዋለች። አንዲት ግጥም ጣል ስታደርግ፣ አልቅሶ የማያውቅ ገበሬ ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል።

ሙያውን የወረሰችው ካሳደገቻት አክስቷ ከአምሳል ነው። አምሳል ግጥም አላስተማረቻትም፤ «ግጥም እንደ ሳል ነው፣ ሲመጣ ይመጣል» ትል ነበር። ያስተማረቻት መጠየቅን ነው። ትርንጎ ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ጓዳ ገብታ ሴቶቹን ትጠይቃለች። የማን ልጅ ነው? በሬውን ምን ብሎ ይጠራው ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ሳይታረቅ ቀረ? ነፍሱ ስትወጣ ማን አጠገቡ ነበረ? ይህን ሳትሰማ አፏን አትከፍትም። አምሳል «ሙሾ ከመቃብር አይቀድምም» እያለቻት ኖራ ነው የሞተች። በአገሩ ሙሾ የወረደለት ሰው ሞቷል፤ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቅ የለም። ሚስቱ ማቅ የምትለብሰው፣ ወንድሞቹ መሬቱን የሚካፈሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ትርንጎ ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻት፤ ታየች። አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ እናኑም እንዲሁ ባል የሞተባት፣ የአንድ ወንድ ልጅ እናት ነበረች፤ የልጁ ስም ፋንታሁን ነው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ክረምት ተወለዱ። ትርንጎ ጡቷ ቆስሎ ሲደርቅ ታየችን ያጠባቻት እናኑ ናት። «አንዱን በግራ፣ አንዷን በቀኝ አድርጌ» እያለች እናኑ በየማኅበሩ ስታወራው ትርንጎ ትስቃለች። ልጆቹም አንድ ጡት እንደጠባ እህትና ወንድም ሆነው አደጉ።

ታየች ስትደርስ ትርንጎ ደምቢያ ዳረቻት፤ ከኮላ ድባ ወዲያ፣ ሜዳው ላይ ለሚያርስ ሸጋ ገበሬ። ደጋው ገብስና ውርጭ ነው፤ መሬቱም በየልጅ ልጁ ተሸንሽኖ አልቋል። «ልጄ እህል ትጥገብ» አለች። ያኔ እናኑ፣ «ምነው እታለም፣ አንድ ልጅሽን ለቆላ ንዳድ?» ብላት ነበር።

«ንዳድማ ከጥንትም ነበረ። ሰው ይኖርበት የለም ወይ?» አለቻት ትርንጎ።

ኢጣልያ በወጣ ዓመት የተወለደ ልጅ ሞፈር ጨብጦ ማረስ በጀመረበት ዘመን፣ አንድ ዓመት ዝናቡ አልወጣ አለ። መስቀል አለፈ፤ ጥቅምት ገባ፤ አሁንም ይዘንባል። ደጋው ላይ ገብሱን ከማጋሸብ በቀር ያመጣው ነገር አልነበረም። ደምቢያ ላይ ግን ውሃው በየእርሻው፣ በየከብቱ ኮቴ ሳይቀር ተኛ። ጤፉ እንደዚያ ዓመት ደርቶ አያውቅም አሉ፤ ሰውም እንደዚያ ዓመት ታምሞ አያውቅም። አጫጅ ጠፋና ባለ እርሻዎቹ ወደ ደጋ ላኩ።

ፋንታሁን አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ስንዱ የምትባል ልጅ ካገባ ዓመት አልሞላውም። ለጎጆው የሚሆን እህል ላምጣ ብሎ ከጓደኛው ከማሩና ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ማጭዱን ስሎ ተነሣ። ሊሄዱ ሲሉ ትርንጎ ከአጥሩ በር ጠራችውና ለታየች የሚያደርስላትን አንድ ቅል ቅቤ ሰጠችው።

«ከመንገድህ ትንሽ ያስወጣሃል፣ ልጄ።»

«እህቴን ሳላይ ልመለስ ኖሯል እንዴ?» አለና ቅሉን ከጋቢው ጫፍ ቋጠረው። እናኑ ከበሯ ቆማ ታያቸው ነበር። ጨዋታ ነው የመሰላት፤ ሳቀች።

ኅዳር ሳይጋመስ የወረዱት መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ሆነው ተደጋግፈው መጡ። ቀጥሎ በቃሬዛ። አንዳንዱ ጎንደር ሳይደርስ አዘዞ ላይ ወድቆ ቀረ የሚል ወሬ ይመጣል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጥርሳቸው እየተፋጨ፣ ሰውነታቸው እንደ ረመጥ እየፋመ ገብተው ከቤታቸው ያልሰነበቱ ብዙ ናቸው። ሽማግሌዎቹ የልጅነታቸውን የኅዳር በሽታ አነሡ። መምሬ ሐብተ ማርያም፣ የደብሩ ቄስ፣ ፍትሐት አድርሰው ሳይጨርሱ ሌላ ይጠራቸዋል። ይጋባል ብሎ የሚሸሸው ሰው በዛና ቀብሩን አራት ሰዎች ብቻ የሚወጡበት ቀን ሆነ። ትርንጎ ግን አንድም ቀብር አልቀረችም። ከታች የመጣውን ሁሉ አጎንብሳ «ታየችን አይተሃታል?» ትላለች። በዚያ ወገን የነበረ አላገኘችም።

ማሩ የመጣው አንድ ነጋዴ በበቅሎው ጭኖት ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ አዘዞ ላይ ኪኒን አውጠውት ጆሮው ይጮኽበታል። ትርንጎና እናኑ እኩል ሮጠው ከመደቡ ግራና ቀኝ ቆሙ።

«ታየችን አፈር ለብሳ ነው ያገኘኋት» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ባሏም ሞቷል። መቃብሯን ሰው አሳየኝ። ከሾላው ሥር ነው፤ አፈሩ አዲስ ነው።»

ትርንጎ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ፋንታሁንስ?» አለች እናኑ።

«እሱ ከእኛ ጋር አላጨደም። መልእክት ላድርስ ብሎ ሄዶ፣ ታየች ታማ ቢያገኛት እዚያው ቀረ። ሁላችን ሸሽተን ልንወጣ ስንል ልጠራው ሄድኩ። ቤቱ ተዘግቷል። ጢስ የለም። ደጋግሜ ተጣራሁ። ጋቢው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።»

«እሱንስ?»

«ጋቢውን ነው ያየሁ። እሱን አላየሁም።»

«በሩን አልከፈትክም?»

«ፈራሁ» አለ ማሩ።

እናኑ ከዚያች ቃል ላይ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ጋቢ አጥር ላይ በራሱ አይሰጣም፤ ያሰጣው ሰው አለ፤ ያሰጣው ሰው ቆሞ ይሄዳል። ይህን ለሰማት ሁሉ ተናገረች። ሰው እያዘነላት ራሱን ነቀነቀ።

በሽታው ጋብ ሲል መምሬ ሐብተ ማርያም፣ ቆላ ወርደው ለቀሩት ሁሉ አንድ የለቅሶ ቀን እንዲሆን አዘዙ። በየቤቱ የተጀመረው ለቅሶ መላ ቅጡ ጠፍቶ፣ ማን እንደ ተለቀሰለት ማን እንዳልተለቀሰለት መለየት አልተቻለም ነበር። የአገሩ ጭቃ ሹም አያ ባዬ በየቤቱ እየዞረ በሙሾ የሚነሡትን ሰዎች ስም ያዘ። እናኑ መንገድ ላይ ጠብቃ «የኔ ልጅ እንዳይነሣ» አለችው። «ይሁን፣ አይነሣም» አላት።

ይህም አላስተማመናትም፤ ወደ ትርንጎ ቤት ገባች። ትርንጎ ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች። እናኑ አጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን ያዘች።

«እታለም፣ ላንቺ አለቅሳለሁ። ለታየችም፣ የጡቴ ልጅ ናትና፣ ደረቴን እመታላታለሁ። ፋንታሁንን ግን እንዳትጠሪው። ሙሾሽ ውስጥ ስሙ እንዳይገባ።»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነበር።

በለቅሶው ቀን ሜዳው ሞላ። ትርንጎ የሰውን ሟች ሁሉ አስቀድማ የራሷን ለመጨረሻ አቆየች። አንዱን በበሬው፣ አንዱን በእርሻው፣ አንዱን ትቷት በሄዳት እርጉዝ ሚስቱ እያነሣች ወረደች። ድምፅዋ ተሰንጥቋል፤ ግን የተሰነጠቀው ድምፅ ከድሮው ይልቅ ሰው ልብ ይገባ ነበር። ከታየች ስትደርስ እንዲህ አለች፤

«እህል ትጠግብ ብዬ ቆላ የዳርኳት፣
ታየችን የቆላው አፈር ጠገባት።»

ሴቱ ደረቱን ደቃ። እናኑም ከማዶ ቆማ ለታየች ከማንም በላይ አለቀሰች። ትርንጎ በዕንባዋ መካከል ቀና ስትል የእናኑን ፊት አየች። ያ ፊት እያለቀሰ፣ ዓይኑ ግን ሰረቅ ብሎ ወደ ጎንደር መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ሰው የሚጠብቅ ዓይን ነው። ትርንጎ የሚጠበቅ ሰው አልቀራትም። አፏ ተከፈተ፤

«ማጭዱን ስሎ ደምቢያ የወረደው፣
ፋንታሁንን ንዳድ ቀድሞ አጨደው።»

ሸጋ ግጥም ነበር። ሜዳው ባንድ ጊዜ ተናወጠ። ስንዱ ጮኻ ወደቀች፤ ጎረምሶቹ የጓደኛቸውን ስም እየጠሩ ዘለሉ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚመልሰው አልነበረም። እናኑ ለቅሶዋን አቆመች። በሰው መካከል አልፋ መጥታ ትርንጎ ፊት ቆመችና፣ ጎን ያሉት ብቻ በሚሰሙት ድምፅ፣ «የልጅሽ መቃብር ሰፋብሽና የኔን ልጅ ጨመርሽበት?» አለቻት። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች።

ትርንጎ በመጀመሪያ «ግጥሙ መጣብኝ» ትል ነበር። በኋላ ይህን ማለቱንም ተወችው።

ጥር ላይ ከጎንደር አንድ ጸሐፊ መጣ፤ አቶ ወልደ ዮሐንስ ይባላል። ቦርሳውን አንግቶ፣ በበቅሎ፣ እሱም ከንዳድ ገና የተነሣ ፊቱ የገረጣ ሰው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከዚህ ደብር በበሽታው ስንት ሰው እንደ ሞተ ጠየቀ። መምሬና አያ ባዬ ከጎኑ ተቀመጡ። ትርንጎንም አያ ባዬ አስጠራት፤ ያልተነሣ ሰው ቢኖር እንድታስታውስ።

«እዚህ የሞተውን ነው ወይስ የዚህ አገር ሰው ሆኖ እዚያ የቀረውን?» አለ አያ ባዬ።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ለኔም አልነገሩኝም። ደምቢያ ላይ ቆጥረውት እንደሆነ እኔ ስደግመው ሁለት ጊዜ ይሞታል። እዚያም ትተውት እኔም ብተወው ደግሞ፣ አልሞተም ማለት ነው።»

«እኔ የማውቀው የፈታሁትን ነው» አሉ መምሬ ሐብተ ማርያም። «ያልፈታሁትን ሞተ ብዬ አልመሰክርም።»

«እንዲያ ከሆነማ ግማሹ ሊቀር ነው፣ መምሬ» አለ አያ ባዬ።

ብዙ ተከራከሩ። ከቆላ ተመልሳ ፅንሱ ስድስት ወር ሳይሞላው ያስወረዳት፣ ደም ፈሷት የሞተችው ሴት የንዳድ ናት ወይስ የወሊድ? ያ ያረጀው ሰውዬ በዚያው ወር ነው የሞተ፤ ግን ሳሉ የቆየ ነበር። ክርስትና ያልተነሡት ሕፃናትስ? አዘዞ ወደቀ የተባለው ሰው የማን አገር ሰው ነው? ጸሐፊው አንዱን ይጽፋል፣ አንዱን ይሰርዛል፣ አንዱን ትቶ ያልፋል። የቸኮለ ሰው አልነበረም፤ የጨነቀው ነበር። በመጨረሻ ከፋንታሁን ደረሱ።

«ሬሳውን ያየ አለ?» አለ ጸሐፊው።

አያ ባዬ ወደ ትርንጎ ዞረ። «ሙሾ ወርዶለታል። ይች ሴት ሳታውቅ አታወርድም፤ አገር የሚያውቃት ናት።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት። «እውነት ነው፣ እናቴ?»

«አላውቅም» ብትል ይበቃ ነበር። ቃሉ ከጉሮሮዋ ደርሷል። ግን አላውቅም ማለት በሜዳው ሙሉ ሰው ፊት ያወረደችውን ማፍረስ ነው፤ ለእናኑም እውነትሽን ነው ማለት ነው። አንገቷን ደፋች። ጸሐፊው አንገት መድፋቷን አዎ እንዳለች አድርጎ ወሰደው፤ ጻፈ፤ እናኑን የጠራት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በደንቡ የሆነ ነው። የፋንታሁንን እርሻ የአጎቱ ልጆች ተካፈሉት። ስንዱ ማቅ ለብሳ ከረመችና ወላጆቿ መጡ። እናኑ «አንድ መኸር ብቻ ጠብቂኝ» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ስንዱ እያለቀሰች አነሣቻት። «እማማ፣ ሙሾ ወርዶለታል እኮ» አለች። ወገራ ዳሯትና እዚያ ወለደች።

እናኑ ተዝካር አላወጣችም። ማቅ አልለበሰችም። የልጁ ነፍስ ያለ ተዝካር ተንከራተተች እያሉ ያሟት ጀመር። እሷ ገበያ በዋለ ቁጥር ኮሶዬ መንገድ ዳር ወጥታ ከደባርቅና ከጎንደር የሚመጡትን የጭነት ማኪናዎች ትጠብቃለች። ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ ከላይ የተጫነውን ሰው፣ «ፋንታሁን የሚባል፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው» እያለች ትጠይቃለች። ሹፌሮቹ ለመዷት። አንዳንዱ ለማጽናናት ብሎ «መተማ በኩል እንደሱ ያለ አይቻለሁ» ይላታል፤ ያን ሰሞን እናኑ እህል ይወርድላታል።

ትርንጎ ሙሾ ማውረድ ተወች። ሲጠሯት ጉሮሮዬ ተበላሽቷል ትላለች፤ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ከእናኑ ጋር አጥር ተጋርተው፣ ከአንድ ምንጭ እየቀዱ፣ ሰላምታ አልነበራቸውም። እናኑ ምንጩ ላይ ስትደርስባት እንስራዋን አስቀምጣ ወደ ገደሉ ትዞራለች፤ ትርንጎ ቀድታ እስክትሄድ።

ዓመታት አለፉ። አንድ በጋ ትርንጎ ስንቋን ቋጥራ ብቻዋን ወደ ደምቢያ ወረደች። ለሰው የልጄን መቃብር ልሳለም ነው አለች፤ እውነትም ነበር፣ ግን ያ ብቻ አልነበረም። ኮላ ድባ አድራ የታየችን መንደር አጠያይቃ ደረሰች። የታየች ቤት ፈርሶ ማሽላ ተዘርቶበታል። ሾላው ግን አለ። ከሥሩ ያለው መቃብር ሰፊና ምልክት የሌለው ነበር፤ የትኛው ላይ ተንበርክካ እንደምታለቅስ አጣች።

የደብሩ ሽማግሌ ቄስ አዘኑላት። «ያን ኅዳር ያለ ፍትሐት ነው የቀበርነው፣ ልጄ። ሦስቱንም አራቱንም ባንድ ጉድጓድ። እኔ ስታመም ሌላው ቀበረ፤ እሱም ሲሞት ማን እንደ ቀበረ አላውቅም።»

«የደጋ ሰው ነበረ ከነሱ መካከል?»

«ብዙ ነበረ። ስሙን ማን ጠይቆት? ‹የደጋ ሰው› እያልን ቀበርነው።»

የታየች ጎረቤት የነበረች ወለላ የምትባል ሴት ግን ፋንታሁንን አስታወሰችው፤ ጠባሳውን ሳይቀር። ቤቷ አስገብታ አስቀመጠቻትና ነገረቻት። «ያ ልጅ ወንድሟ መስሎኝ ነበር። ሌላው ሲሸሽ እሱ ከራስጌዋ አልተነሣም። ውሃ በቅል ጠብ እያደረገ አጠጣት፤ ባመጣው ቅቤ ራሷን ቀባት። ስትሞት ቀባሪ ጠፍቶ ራሱ ቆፈረ። ከዚያ እሱም ብርድ ብርድ አለው። ጋቢውን ላቡ አርሶት አጥቢልኝ ብሎኝ አጥቤ አጥሩ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ እኔው ወደቅኩ። ነፍስ ሳውቅ ቤቱ ባዶ ነው፤ ጋቢውም የለም። ወደ ጭልጋ የሚሄዱ ሰዎች በሽተኛ ይዘው አለፉ ይላሉ። በሽተኞችን ሰብስበው ቀበሯቸውም ይላሉ። ሞቷል ብልሽ ውሸት፣ አለ ብልሽም ውሸት ነው።»

ትርንጎ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ጋቢውን ያሰጣው ሰው ቆሞ ይሄዳል ያለችው እናኑ ግማሹን አውቃለች፤ ያሰጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ልጇን ያስታመመላት፣ የቀበረላት ደግሞ እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ እሷ የከፈለችው ሁለት ስንኝ ነው።

አገሯ ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትገባ የእናኑን ደጅ ቆመች። እናኑ አየቻትና ወደ ውስጥ ልትዞር ስትል፣ ትርንጎ እዚያው በሩ ላይ ሆና የሰማችውን ተናገረች። አልጨመረችም፤ የጋቢውን ነገርም አልደበቀችም። እናኑ ዓይኗን ከመሬቱ ሳታነሣ ሰማች።

«ውሃ አጠጣት?» አለች በመጨረሻ።

«በቅል እያንጠባጠበ።»

«በጥም አልሞተችም በይኛ?»

«ከራስጌዋ አልተነሣም አሉኝ።»

እናኑ መቃኑን ይዛ አለቀሰች። ትርንጎ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ እናኑ አልፈቀደችም። ዕንባዋን ጠርጋ፣ «አንድ ነገር ታደርጊልኛለሽ» አለቻት። «ጎንደር ያለው ወረቀት ላይ ልጄን ሞተ ብለሽ አስጽፈሻል። አስወጪልኝ።»

አያ ባዬ አርጅቶ ሹመቱን ለልጁ ለቋል። ሲያማክሩት «ከጎንደር አልፎ አዲስ አበባ የገባ ነገር ነው፣ ማን ያወጣዋል?» ብሎ ሳቀ። ሁለቱ ሴቶች ግን ኮሶዬ ወርደው በጭነት ማኪና ተሳፈሩ። በእህል ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ ጎንደር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እናኑ የማኪናው ሽታ አቅለሽልሿት ስታስመልስ ትርንጎ ግንባሯን ያዘችላት፤ ያን ግን አልከለከለቻትም።

ጽሕፈት ቤቱ ፒያሳ አጠገብ ጣሊያን በሠራው ቤት ውስጥ ነበር። አቶ ወልደ ዮሐንስ ተዛውሯል። በቦታው ያለው ጸሐፊ ጎልማሳ ነው፤ ለእናኑ ወንበር ለቆላት ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ።

«እናቴ፣ ስም የለበትም» አለ።

«የሚካኤል ደብር በሉና ፈልጉት እንጂ።»

«እሱም የለም። ከየደብሩ የመጣው ተደምሮ ለወረዳው፣ የወረዳውም ተደምሮ ወደ ላይ ሄደ። እኔ ስሰማ፣ ቁጥሩን ራሱን ያመነው አልነበረም። አንዱ በዛ ይላል፣ አንዱ አነሰ። በመጨረሻ በግምት ተላለፈ።»

እናኑ ተጠግታ፣ «እንግዲያ ፋንታሁን ሞተ ብሎ የጻፈ ሰው የለም?» አለችው።

«በስሙ የጻፈ የለም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ፊቷ በራ። ተነሥታ ወጣች።

ትርንጎ አልተከተለቻትም። ቆማ ቀረች። «ጌታዬ፣ የደምቢያዎቹስ በስም አሉ?»

«የሉም፣ እናቴ።»

«ታየች የምትባል፣ ከኮላ ድባ ወዲያ...»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። የተሳሳተውን ላስተካክል ብላ የመጣችበት ወረቀት ላይ የተሳሳተውም አልነበረም፤ ትክክሉም አልነበረም። የልጇ መቃብር የትኛው እንደሆነ ያጣችው እናት፣ እዚህም ልጇን አጣቻት። ስትወጣ እናኑ ከደረጃው ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀቻት፤ ምን እንደ ጠየቀች ግን አልጠየቀቻትም።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ጀመሩ። ምንጩ ላይ ሲገናኙ አንዷ ሌላዋን እንስራ ታሸክማለች። እናኑ ግን እስክትሞት ድረስ ከትርንጎ ቤት ገብታ እህል አልቀመሰችም። ኮሶዬ መውረዷንም አላቆመችም። ጉልበቷ ሲደክም ትርንጎ ገበያ ስትሄድ፣ «እስኪ ሹፌሮቹን ጠይቂልኝ» ትላታለች። ትርንጎም መንገድ ዳር ቆማ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ስላለው ሰው ትጠይቃለች። መልሱን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታመጣለች፤ ብዙ ጊዜ መልስ አልነበረም።

እናኑ የሞተችው በአንድ የጾም ወራት ነው፤ ሌላ ሕመም አልነበራትም፣ አረጀች። በቀብሯ ላይ ያወረደችው አየለች የምትባል ወጣት ናት። ግጥሟ ፈጣን፣ ድምፅዋ ጠንካራ ነው። እንደ ደንቡ፣ ሟቿን ቀድመዋት የሄዱ ዘመዶቿን አንድ በአንድ መጥራት ነበረባት። ባሏን፣ ወላጆቿን፣ እህቷን ጠራች። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ትርንጎ አጎነበሰችና በጆሮዋ፣ «ልጇንስ ከቀደሟት ጋር ልጥራው?» አለቻት። ለመጠየቅ የማታፍር ልጅ ነበረች።

ትርንጎ ነጠላዋን ከአፏ ገለጠች።

«አላውቅም» አለች።

አየለች ግራ ገብቷት አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ፣ ወደ ሌላ ግጥም ተሻገረች። ሬሳው ተነሣ። ትርንጎ ከሴቶቹ ጋር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄደች፤ ጉልበቷ ስለሚያማት ከኋላ ቀርታ ነበር።